ምንጩ ሩቅ መሆን የለበትም

በሰኔ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የሊኑክስ ሥርዓት ዴቢያን 12 ከ64 ሺህ በላይ የሶፍትዌር ጥቅሎች ይዟል። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ ማብቂያ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። አምባ ጊዮርጊስ ላለ ተማሪ ያ ሁሉ ሀብት ከማዶ ቀረ። ይህ የሚያስቆጨኝ መፍትሔው እዚያው ሊኑክስ ውስጥ ስላለ ነው።

ዴቢያንና ኡቡንቱ ሶፍትዌር የሚጭኑት አፕት በተባለ ፕሮግራም ነው። አፕት ጥቅሎችን የት እንደሚፈልግ የሚያውቀው ከአጭር የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የቋቱ (የጥቅሎቹ ማከማቻ) አድራሻ፣ የእትሙ ስምና የቋቱ ክፍል እዚያ ይጻፋሉ። ኢትዮጵያን መርጦ ኡቡንቱን የጫነ ሰው በአድራሻው መጀመሪያ የአገራችንን ምሕጻር ሊያገኝ ይችላል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው ማለት ግን አይደለም፤ አገር ውስጥ የተመዘገበ ቅጂ ከሌለ አድራሻው የሚመራው ወደ ዋናው ቋት ነው።

በኢንተርኔት አድራሻ ፋንታ ዲስክ ላይ ያለ አቃፊም መጻፍ ይቻላል። ጎንደር ላይ ጥሩ መስመር ያለው ሰው አፕት ሚረር በተባለ መሣሪያ የአንዱን እትም ቋት ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፤ ዲስኩ ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚሄድ መኪና አምባ ጊዮርጊስ ይደርሳል። እዚያ የአቃፊው አድራሻ ተጽፎ የጥቅሎቹ ዝርዝር ከታደሰ፣ አቢሲኒካ የተሰኘው የግዕዝ ፎንትም ሆነ ሊብሬኦፊስ ያለ ኮኔክሽን ይጫናል።

ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ዲስክ ይታመናል? ቋቱ ውስጥ በዴቢያን ቁልፍ የተፈረመ ፋይል አለ። ፋይሉ የጥቅል ዝርዝሮቹን ሐሽ (ከይዘታቸው የተሰላ አሻራ) ይይዛል፤ ዝርዝሮቹ ደግሞ የእያንዳንዱን ጥቅል። መንገድ ላይ የአንድ ጥቅል አንድ ባይት ቢነካ ሐሹ አይገጥምም፤ ሐሹን ለማስገጠም ዝርዝሩ ቢታረም የዝርዝሩ ሐሽ ከተፈረመው ፋይል ጋር አይገጥምም፤ ያ ፋይል ቢነካ ደግሞ ፊርማው ይፈርሳል። ፊርማውን የሚያረጋግጠው ቁልፍ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የተጫነ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተጫነበት ፍላሽ ትክክለኛ መሆኑን ማጣራት ግዴታ ነው።

ከየቦታው የተለቃቀሙ ጥቅሎችን አንድ አቃፊ ውስጥ ከትቶ፣ ያለ ፊርማ እንዲታመኑ አፕትን ማዘዝም ይቻላል። አልመክርም። ጥቅል ሲጫን ውስጡ ያሉት ስክሪፕቶች በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሠራሉ፤ ምንጩን መፍቀድ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ማስረከብ ነው።

የዴቢያን የደኅንነት ማስተካከያዎች ለብቻቸው በሌላ ቋት ይወጣሉ፤ እሱም አብሮ መገልበጥ አለበት። የዚህ ቋት ዝርዝር የማብቂያ ቀን ስላለው፣ ቀኑ ካለፈ አፕት አይቀበለውም። ስለዚህ ዲስኩ በየጊዜው ጎንደር መመለስ ይኖርበታል። አፕት ሚረር የተለወጠውን ብቻ ስለሚያወርድ፣ ሁለተኛው ግልበጣ ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል።