ፔንግዊኗ እና ባለቀጠሮዋ

እሑድ ዕለት ቡና እስኪፈላ የእህቴ ልጅ ስልኬን ይዛ ጥግ ተቀመጠች። ጎንበስ ብዬ ባይ አንዲት ዓይኖቿ ግማሽ ፊቷን የያዙ፣ ወገቧ በአንድ ጭብጥ የሚገባ ልጅ እያስዋበች ነው። ብጉሯን አፈረጠችላት፣ ቅንድቧን ቀነደበችላት። "ልብሱስ?" ብላት "መጀመሪያ ፊቷን ካላጸዳሁላት እኮ አይከፈትም!" አለችኝ፣ ምንም የማይገባው ሰው እንደሚታይ እያየችኝ።

እናንተዬ፣ ስለዚህ ዓይነቱ የማስዋብ ጌም አንድ ጥናት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። በብሪታንያ ተመራማሪዎቹ እነ ኤሚ ስሌተር ዕድሜያቸው 8 እና 9 የሆኑ 80 ሴት ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ "ድሪም ዴት ድሬስ አፕ" የሚባለውን፣ አንዲትን ልጅ ከወንድ ጋር ላላት ቀጠሮ የማሳመር ጌም ተጫወቱ። ሌሎቹ የተጫወቱት "ፔንግዊን ዳይነር"ን ነው፤ ፔኒ የምትባል ፔንግዊን ለፔንግዊን ደንበኞቿ ምግብ ለማድረስ ላይ ታች የምትልበትን። አሥር ደቂቃ ብቻ! ከዚያ ሲጠየቁ፣ ባለቀጠሮዋን ያሳመሩት ልጆች በሰውነታቸው ይበልጥ ቅር ተሰኝተው ተገኙ።

የ8 ዓመት ልጅ ቅሬታ እንዴት ይለካል አትሉም? በዚህ ዓይነት ጥናት የተለመደ አንድ ዘዴ አለ። ከቀጭን እስከ ወፍራም የተደረደሩ ሥዕሎች ይቀርቡላትና "አንቺን የምትመስለው የቷ ናት? መምሰል የምትፈልጊውስ?" ትባላለች። ጣቷ ባረፈባቸው በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለው ርቀት፣ እሱው ነው ቅሬታዋ።

እኔን ግን ያስደነቀኝ ሌላው ውጤት ነው። ስለ ወደፊት ሥራ ሲጠየቁ፣ በልማድ "የሴት" ወደሚባሉት ይበልጥ ያዘነበሉት እነዚሁ ባለቀጠሮዋን ያሳመሩት ናቸው። (ፔኒም እኮ አስተናጋጅ ናት!)

በእርግጥ 80 ልጅ ብዙ አይደለም፤ የተለካውም ጌሙ እንዳለቀ ወዲያው ነው። ቢሆንም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መገመት አይከብድም። ሰው ራሱን ከሌላው እያስተያየ እንደሚመዝን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 ጽፏል። አንዲት ታዳጊ መጽሔት ላይ ያለችን ቀጭን ልጅ ግን አይታ ታልፋታለች። ጌሙ ውስጥ "ጉድለቱን" የምታርመው በገዛ እጇ ነው፤ ስታርም ነጥብ ታገኛለች፣ ካላረመች በሩ አይከፈትም። ደንቡ ራሱ አስተማሪ ነው ማለት ነው።

የኢንተርኔት ጌሞች መገኛ በሆነው ሮብሎክስ ላይ ያለው "ድሬስ ቱ ኢምፕሬስ" ደግሞ ዳኛውን ሰው አድርጎታል፦ ርዕስ ይሰጥሻል፣ ሰዓት ይቆጠርብሻል፣ ለብሰሽ መድረክ ላይ ትወጫለሽ፣ ሌሎቹ ተጫዋቾች ኮከብ ይሰጡሻል። እውነቱን ለመናገር ፈጠራም አለበት፤ እኔ ልብስ ከማልበስ ጋር ጠብ የለኝም። አፍንጫና ሆድ "በቀዶ ሕክምና" የሚያስተካክሉት ጌሞች ግን ሌላ ናቸው። የብሪታንያው የኑፊልድ የባዮኤቲክስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 እነዚህ ለልጆች መቅረባቸው ይቁም ብሎ ነበር።

ለማንኛውም ፔኒን ፈልጌ ለእህቴ ልጅ ከፈትኩላት። ሁለት ደንበኛ በጥድፊያ አስተናግዳ ቀና አለችና፣ "ልብሷስ የት አለ?"