ነጭ ሽንኩርት በሻይ ለጉንፋን እንጂ ለንዳድ አይሆንም!

ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ጓዳ ጓዳ ነው እንዴ? እኛ ቆቦዎች ጉንፋን ሲይዘን 2 ፍሬ ወቀጥ አድርገን ጥቂት ደቂቃ እናቆየዋለን፤ ጉልበቱ የሚወጣው ሲደቆስ ነዋ! ከዚያ ከዝንጅብል ጋር ትኩስ ሻይ ውስጥ ጨምሮ በማር ፉት ማለት ነው። ጉሮሮን ያለሰልሳል። (ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም!)

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ልጄን ትኩሳት ያዛት። «ብርድ ነው» አልኩና ሁለት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሻይ ጋትኳት። ላብ በላብ ስትሆን «እሰይ፣ ወጣላት!» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ታንዘፈዝፋት ጀመር። ጎረቤቴ የሆኑ እናት ገብተው አይተዋት «አንቺ፣ ይሄ እኮ ንዳድ ነው! ተነሺ!» ብለው ተቆጡኝ። ጤና ጣቢያ ጣቷን ወግተው ደሟን ሲመረምሩ ወባ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቷን ወስዳ፣ እግዜር ይመስገን፣ ተረፈችልኝ።

እህቶቼ፣ በራያ ቆላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። ላብ ትኩሳቱን ለጊዜው ቢያበርደውም ተውሳኩ ደም ውስጥ አለ። ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ሻዩስ ይጠጣ፤ መጀመሪያ ግን ምርመራ!