ጨጓራው የታመመ እንግዳ በሠርግ ማዕድ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዴራ ከተማ ለሠርግ ተጠርተን ሳለ፥ ከእኛ ጋራ የሄደው ወዳጃችን ጨጓራው የሚያሠቃየው ሰው ነበረ። የሙሽራይቱ እናት በርበሬው የበዛበትን ዶሮ ወጥ ጠቅልለው «በሞቴ» ቢሉት፥ እንቢ ማለት ነውር መስሎት ጐረሰ፤ ጉርሻም አንድ ሆኖ አይቀርምና ሁለተኛውን ሦስተኛውን አስከተለ። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳያይ ዐደረ። እናቲቱ ይህን በሰሙ ጊዜ «ልጄ፥ አልጫው እኮ በጓዳ ነበረ፤ ምነው ሳትነግረኝ ቀረህ?» ብለው እጅግ ዐዘኑ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት እንግዳ አስቀድሞ ለባለ ሠርጉ ወይም ለአሳላፊው በቀስታ ያስታውቅ። ባዶ ሆዱን አይሂድ፤ ጠጁንም ለክብር ያህል ከንፈሩን ብቻ ያስነካ። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ስለሚያመጣ ለጤነኛውም ቢሆን የበሰለው ይሻላል። በርበሬ ሕመሙን ይቀሰቅስ ይሆናል እንጂ፥ የአውስትራልያ ሐኪሞች ማርሻልና ዋረን በ1982 እ.ኤ.አ. ያገኙት ባክቴሪያ ብዙውን የጨጓራ ቁስል እንደሚያመጣ ተረጋግጧልና፥ ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ወደ ሐኪም ይቅረብ።

ወዳጃችን ለመልሱ ተጠርቶ በሄደ ጊዜ እናቲቱ አልጫውን በገዛ እጃቸው ጠቅልለው ሦስት ጊዜ አጐረሱት።