ኃላፊነት እንደ ሎሚ ሲካፈል



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል እየሰማን አድገናል። ስለ ሥራ ሲሆን አባባሉ እውነት ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን፣ የምንካፈለው ኃላፊነት ሲሆንስ ምን ይከተላል? የሚል ነው።

ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1968 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳተሙ። ተማሪዎችን ለየብቻ በየክፍሉ አስቀምጠው በመገናኛ መሣሪያ እንዲወያዩ አደረጉ። በመካከሉ አንዱ ተወያይ በሚጥል ሕመም የተያዘ መሰለ፤ ድምፁ አስቀድሞ የተቀረጸ ነበር። «የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ካመኑት መካከል 85 በመቶው ድምፁ ከማብቃቱ በፊት ርዳታ ጠሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም እንደሰሙ ካመኑት ግን ይህን ያደረጉት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። ዝም ያሉት ጨካኞች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊቃውንቱ ይህን የኃላፊነት መበታተን ብለውታል።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በሶማሌ ማኅበረሰብ ሄር በተባለው ባህላዊ ሕግ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው ዕዳውን ብቻውን አይከፍልም። በልማዱ ለአንድ ወንድ የሚከፈለው መግ 100 ግመል ሲሆን፣ የሚያዋጣው የዘመዳሞች ቡድን ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አይ. ኤም. ሉዊስ በ1961 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ቡድኑ ከጥቂት መቶዎች እስከ ጥቂት ሺህ ወንዶችን ሊያቅፍ ይችላል። የገዳዩ ሸክም እንደሚቀልለት አይካድም። ነገር ግን የእያንዳንዱ ድርሻ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቁጡውን ወጣት የሚገሥጸው ሽማግሌው ብቻ አይደለም፤ ግመሉን ላለማጣት የሚፈራው የአጎቱ ልጅም ነው። እዚህ ኃላፊነት ተከፋፈለ እንጂ አልተበተነም።

ልዩነቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይህ ከተማ ያውቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ ሁከት ሲነሣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። የዚያ ጥፋት ሥር ፖለቲካም ስለነበረበት በሥነ ልቦና ብቻ አይገለጽም። ሆኖም ብቻውን ቢሆን የጎረቤቱን በር የማይነካ ሰው ከብዙዎች ጋር ሆኖ ሊሰብረው የሚችልበትን አንዱን ምክንያት እንረዳለን፦ በግርግር ውስጥ የማንም ድርሻ አይቈጠርም። ይህን ስል አድራጊውን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ማስረዳት ሌላ፣ ከተጠያቂነት ማዳን ሌላ ነው። እንዲያውም መድኃኒቱ እያንዳንዱን በስሙና በድርሻው መጠየቅ መሆኑን ነው የምለው።

ይህ በዕለት ተዕለት ኑሯችንም ይሠራል። አደጋ በደረሰበት ስፍራ «ኧረ ሰው ጥሩ!» ከማለት፣ «አንተ ነጭ ሸሚዝ የለበስከው፣ አምቡላንስ ጥራ» ማለት ይሻላል። እኔም ለብዙ ዓመታት ከትምህርቱ በኋላ «ያልገባው አለ?» እል ነበር። መልሱ ዝምታ ነበር፤ ስወጣ ግን አምስት ስድስቱ በር ላይ ይጠብቁኛል። ለሁሉም የቀረበ ጥያቄ የማንም ሳይሆን ይቀራል። አሁን በስም እጠራለሁ፤ ዛሬም የምጀምረው ከፊተኛው ረድፍ ነው።