አዲሷ ቶዮታ 86 ከታላቋ ጋር ዳገት ላይ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዲኤክስ ኮሮላን ሳያውቅ አይቀርም። ሞተሯ ከፊት ሆኖ የምትነዳው በኋላ ጎማዎቿ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1983 ቀጣዩን የኮሮላ ትውልድ ሲያወጣ የቤት መኪኖቹን በፊት ጎማ እንዲነዱ አደረጋቸው፤ ቀላሏን የስፖርት ኮሮላ ግን በዲኤክስ የኋላ ጎማ አሠራር ላይ እንዳለች ተዋት። የፋብሪካ መለያዋ ኤኢ86 ነበር። በጃፓን ተራራማ መንገዶች ስሟ የገነነው፣ ወጣቶች ማሽከርከርን የተማሩባት መኪና እንግዲህ ለእኛ ዲኤክስ የቅርብ ዘመድ ናት። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ሁለቱ መኪኖች ቁጥሩን የወረሱት ከእሷ ነው።

የመጀመሪያዋ 86 በ2012 ገበያ ላይ ዋለች። ቶዮታ ከሱባሩ ጋር ተጋግዞ የሠራት ሲሆን ሥራውን የመሩት ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ ነበሩ። ሞተሩ የሱባሩ ቦክሰር ነው፤ አራቱ ፒስቶኖች ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ ግራና ቀኝ ተኝተው ስለሚሠሩ የመኪናዋ ክብደት መሬት አካባቢ ይሰበሰባል። ጉልበቷ 200 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፣ በኋላ በማኑዋሏ ላይ 205 ሆነ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ጎማዋ ነው። ነዳጅ ቆጣቢዋ ፕሪየስ ላይ ከሚገጠመው የሚሽሊን ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ይህ ለገንዘብ ቁጠባ ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ ነው። አጥብቆ የማይቆነጥጥ ጎማ ያላት መኪና ኩርባ ላይ መንሸራተት የምትጀምረው በዝግታ ነው፤ ስለዚህ አሽከርካሪው የመኪናውን ጠባይ ሕይወቱን አደጋ ላይ ሳይጥል ይማራል። ይህን ሐሳብ እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ።

የቀድሞዋ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረባት። ጉድለቱን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ መንገድ ቨርጂኒያ ውስጥ አለ፤ ከስፔሪቪል ተነስቶ ወደ ቶርንተን ጋፕ የሚወጣው 211 ቁጥር መንገድ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ኩርባ ውስጥ በሦስተኛ ማርሽ ገብታችሁ፣ መሪውን ማቅናት ስትጀምሩ ነዳጅ ትረግጣላችሁ። የዙር መለኪያው 3,800 አካባቢ ያሳያል። ድምፁ ይጨምራል፣ መኪናዋ ግን አትጨምርም። ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ባለው መካከል ሞተሩ ጉልበቱ ዝቅ ይልበታል፤ ቀን በቀን የምንነዳበት ዙር ደግሞ በትክክል እዚያ ነው። ከፍተኛው የመጎተት ኃይል፣ 205 ኒውተን ሜትር፣ የሚገኘው 6,400 ዙር ላይ ነበር። እዚያ ለመድረስ ወደ ሁለተኛ መመለስ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ዙሩን ከፍ አድርጎ መልቀቅና ሞተሩን ማስጮህ ያስፈልጋል። ባዶ መንገድ ላይ ይህ ደስ ይላል። ከኋላችሁ የጭነት መኪና ተጠግቶ ሲመጣ ግን ያሳቅቃል።

በ2021 የተዋወቀችው ጂአር 86 ያንን ጉድጓድ ደፍናዋለች። መሐንዲሶቹ የሲሊንደሩን ስፋት ከ86 ወደ 94 ሚሊ ሜትር አሳደጉ፣ የፒስቶኑን ምልልስ 86 ላይ ተዉት፤ ሞተሩም ከ2.0 ሊትር 2.4 ሆነ። አሜሪካ በሚሸጠው ልኬት ጉልበቷ 228 ነው። እኔ ግን ከዚህ ቁጥር ይልቅ ሌላውን አያለሁ፦ 250 ኒውተን ሜትር፣ በ3,700 ዙር። ድሮ ሞተሩ የሚለግምበት ቦታ ላይ ዛሬ የመጨረሻውን ኃይሉን ይሰጣል። እዚያው ኩርባ ላይ በዚያው ሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትረግጡ ወገባችሁ ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል፣ የመኪናዋ ኋላ በትንሹ ይቀመጣል፣ መሪው በእጃችሁ ላይ ይቀላል። ማርሽ መመለስ ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆነ። ከቆመችበት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ማኑዋሏ 6.3 ሴኮንድ ይበቃታል፤ የቀድሞዋ 7.6 ትፈጅ ነበር።

ብዙ ሰው ለዓመታት ቱርቦ ይገጠምላት ብሎ ሲወተውት ነበር። ቶዮታና ሱባሩ እምቢ ማለታቸው ትልቅ ውለታ ነው። ቱርቦ ጉልበት ሲጨምር ክብደትና ሙቀትም ይጨምራል፣ በእግርና በሞተሩ መካከልም ትንሽ መዘግየት ያስገባል። እዚህ መኪና ላይ ግን ደስታው ሁሉ ያለው እግር ሲንቀሳቀስ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት በመመለሱ ነው።

ሌላው ትልቅ ለውጥ ከዓይን የተሰወረ ነው። አካሏ መጣመምን የመቋቋም አቅሙ በ50 በመቶ ገደማ ጨምሯል። የቀድሞዋ ኩርባ መሐል ጎርበጥ ያለ ነገር ሲገጥማት ኋላዋ ይንቀጠቀጥና አሽከርካሪው መሪውን እንደገና ማስተካከል ነበረበት። አዲሷ እብጠቱን ተሻግራ መስመሯን ሳትለቅ ትቀጥላለች። ይህ ሁሉ ተጨምሮ ክብደቷ 1,275 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፣ ከቀድሞዋ እምብዛም አይበልጥም። ኮፈኑ ቀድሞም አሉሚኒየም ነበር፤ አሁን ጣሪያውና የፊት ፓራፋንጎዎቹም አሉሚኒየም ሆነዋል። መኪና ሁሉ በየትውልዱ እየወፈረ በሚሄድበት ዘመን ይህን ማሳካት ቀላል ሥራ አይደለም።

የጠፋ ነገርም አለ። ውድዋ ጂአር 86 ባለ 18 ኢንች ቸርኬና ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ጎማ ይዛ ትመጣለች። ጎማው በጣም ይቆነጥጣል፤ መኪናዋ መንሸራተት የምትጀምረው በመደበኛ መንገድ መሞከር በማይገባ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ያ የድሮው ትምህርት ቤትነቷ ወደ ውድድር ሜዳ ተሰደደ ማለት ይቻላል። ርካሿ ባለ 17 ኢንች ግን ለስላሳውን የቀድሞውን ዓይነት ጎማ ይዛለች፤ እኔ የምመርጠው ይህችን ነው። ድምፁም ነገር አለው። በቀድሞዋ የሞተሩን የአየር መሳቢያ ድምፅ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቱቦ ነበር። በአዲሷ ድምፁን የሚያጎላው ስፒከር ነው። ቱቦው ይሻለኛል፣ የሚሰማው የሞተሩ የራሱ ድምፅ ነበርና።

የኋላ ወንበሩ በሁለቱም ለሰው የሚሆን አይደለም። ሲታጠፍ ግን አራት ትርፍ ጎማ ይይዛል፤ ሜዳ ላይ በጎማ ተጫውቶ በሌላ ጎማ ወደ ቤት ለሚመለስ ሰው ተብሎ የተለካ ነው።

አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች አዲስ አታገኙም። በሐምሌ 2024 በሥራ ላይ የዋለውን የአውሮፓ ኅብረት የደኅንነት ሕግ እንድታሟላ መኪናዋ እንደገና መነደፍ ስላስፈለጋት፣ እዚያ አዲስ ሆና የተሸጠችው ለሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ የቀራችሁ ያገለገለ መፈለግ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ምርጫ አላችሁ። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ በደንብ የተያዘች የቀድሞ 86 ማኑዋል ግዙ፣ ዙሯን ከፍ አድርጋችሁ መንዳትም ልመዱ። አቅሙ ካላችሁ ግን አዲሷን ውሰዱ፣ ባለ 17 ኢንቿን፣ በማኑዋል ካምቢዮ።