ብረቱ ከተገኘ በኋላ

በባንክና በሆቴል በር ላይ የሚጮኸውን የፍተሻ መሣሪያ የማያውቅ የለም። ሲጮህ ጥበቃው ያስቆማል፣ ቁልፍ ከኪስ ይወጣል፣ ሰውየው ያልፋል። ፋብሪካ ውስጥ የሚተከለው ሜታል ዲቴክተር ግን የሚያስቆም ጥበቃ የለውም። ብስኩቱ በኮንቬየር ላይ ይነጉዳል። መሣሪያው ብረት ያለበትን እሽግ ከለየ በኋላ ማስወገጃው ጋ እስኪደርስ ጠብቆ፣ በደረሰባት ቅጽበት ከመስመሩ ማስወጣት አለበት። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «ስንት ሚሊ ሜትር ያያል?» ብለው ነው። ያየውን ካላስወገደው ግን ማየቱ ምን ይጠቅማል?

ብረቱስ ከየት ይመጣል? ከድሬዳዋ የገጠር ክላስተሮች አንዱ በሆነው በዋሂል ገበሬው ማሽላ ያመርታል። ማሽላም ሆነ ስንዴ ከአውድማ ተነሥቶ በጆንያ፣ በመኪናና በመጋዘን በኩል ወፍጮ እስኪደርስ ሚስማርም የሽቦ ቁራጭም ሊቀላቀለው ይችላል። ብረቱን የዱቄት ፋብሪካ ማግኔት ይይዘዋል። መዳብንና አሉሚኒየምን ግን አይስብም፤ ለምግብ ማሽኖች የሚመረጠውን ስቴንለስም እንደዚሁ። በዚያ ላይ ከማቡኪያው የሚወድቅ ብሎን ወይም ከወንፊት የሚበጠስ ሽቦ የሚገባው ከማግኔቱ በኋላ ነው። ዱቄትና ፓስታ በሚመረትባት በድሬዳዋም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ዲቴክተሩ ከማሸጊያው ቀጥሎ መተከሉ ለዚህ ነው።

በመሣሪያው መስኮት ዙሪያ ሦስት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። መካከለኛው ማግኔታዊ ሞገድ ይልካል፣ ግራና ቀኝ ያሉት እኩል ይቀበላሉ። ብረት ሲያልፍ እኩልነቱ ይዛባል። ለመለየት የሚያስቸግረው ስቴንለስ ነው፤ እርጥብና ጨዋማ ምግብ ውስጥ ደግሞ ይብስበታል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ከዲቴክተሩ መሃል እሽጉን ከመስመሩ እስከሚያስወጣው መግፊያ 1.2 ሜትር ነው እንበል፤ ቤልቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ይሄዳል። እሽጉ በ2.4 ሰከንድ ይደርሳል። መግፊያው ትእዛዝ ተቀብሎ እሽጉን እስኪነካ 0.1 ሰከንድ ከወሰደበት ሰዓቱ 2.3 ላይ ይሞላል። በወረቀት ላይ ያለቀ ይመስላል።

ችግሩ ብረቱ እሽጉ ውስጥ የት እንዳለ አለመታወቁ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው እሽግ፣ ብረቱ ከፊት ጫፍ ወይም ከኋላ ጫፍ መሆኑ 0.4 ሰከንድ ልዩነት ያመጣል። ብረቱን መሃል አድርጎ ሰዓት የሞላ ቴክኒሻን በሙከራው ይረካል። ነገ ብረቱ ከኋላ ጫፍ ሲመጣ መግፊያው ዘግይቶ ጅራቱን ብቻ ይነካና እሽጉን አሽከርክሮ እዚያው ቤልቱ ላይ ይተወዋል። መፍትሔው መግቢያው ላይ የእሽጉን መድረስ የሚያይ ፎቶሴል ማድረግ ነው። ያኔ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከብረቱ ሳይሆን ከእሽጉ የፊት ጫፍ ይሆናል። የግፊያው ቆይታም ልክ አለው፦ ካጠረ እሽጉ አይወጣም፣ ከረዘመ ጤነኛውን ጎረቤት ይዞ ይሄዳል።

ለእኛ ሀገር ፋብሪካ አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሣል። ጀነሬተሩ ጭነት በዝቶበት ከ50 ኸርዝ ወደ 48 ከወረደ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ፣ 4 በመቶ ያህል፣ ይዘገያል። ከላይ ባለው ስሌት እሽጉ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። ለትንሽ ብስኩት ይህ የመሳት ያህል ነው። የቤልቱን ትክክለኛ ጉዞ የሚቆጥር ኤንኮደር ከተገጠመ ግን መዘግየቱ ጉዳት የለውም፣ ምክንያቱም የሚለካው ርቀት እንጂ ሰከንድ አይደለም። መግፊያው በአየር የሚሠራ ከሆነ የአየር ግፊቱም እንደዚሁ ሰዓቱን ያዛባል። ኮምፕሬሰሩ ለሁሉም ማሽን ሲያድል ግፊቱ ይወርድና መግፊያው ይልፈሰፈሳል፤ ስለዚህ አጠገቡ የራሱ የአየር ታንከር ቢኖረው ይመረጣል።

ሙከራው መደረግ ያለበት በሙሉ የምርት ፍጥነት ነው። የብረት፣ የነሐስና የስቴንለስ ኳሶች ከእሽጉ ፊት፣ መሃልና ኋላ እየተደረጉ ያልፋሉ፤ ሁለት የተበከሉ እሽጎችም ተከታትለው ይላካሉ፣ መግፊያው ከመጀመሪያው በኋላ ለሁለተኛው ይደርስ እንደሆነ ለማየት። የተወገደው የሚገባበት ሣጥን ይቆለፋል፤ አለበለዚያ አንዱ ቅን ሠራተኛ «ይቺ ምንም አልሆነችም» ብሎ መልሶ ቤልቱ ላይ ያስቀምጣታል።

ሙከራው ከወደቀ፣ ካለፈው የተሳካ ሙከራ ወዲህ የተመረተው ሁሉ ተይዞ እንደገና ይፈተሻል። በየሰዓቱ የሚሞክር ፋብሪካ የአንድ ሰዓት ምርት ይመልሳል። በሺፍት አንዴ ብቻ የሚሞክረው የስምንት ሰዓት ምርት ይፈልጋል፣ ምናልባትም ግማሹን ከተጫነበት መኪና አውርዶ።