መብራት ሲጠፋ ሱቅ አይዘጋም

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ አንዲት ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብዬ የሥራ ማስታወቂያ እፈልግ ነበር። አንዱ ልክ ለእኔ የተጻፈ ይመስላል። ምዝገባው የሚዘጋው ግን በዚያው ቀን 11 ሰዓት ላይ ነው። ፓኬጄ ወደ ማለቁ ስለሆነ የስልኬን ጃቫስክሪፕት አጥፍቼዋለሁ፤ ሲጠፋ ዳታ ይቆጥብልኛል።

ገጹን ስከፍተው ባዶ ነጭ። መሃሉ ላይ «ጃቫስክሪፕት ያብሩ» ይላል፤ በቃ። ስልክ ቁጥር የለ፣ አድራሻ የለ። አበራሁት። ገጹ ግማሽ ድረስ እንደመጣ ፓኬጁ አለቀ። ካርድ ገዝቼ ስመለስ 11 ሰዓት አልፏል።

ጃቫስክሪፕት ገጽ ላይ ሜኑ የሚከፍት፣ ፎርም የሚያጣራ ኮድ ነው። ተራ ጽሑፍ ለማሳየት ግን የግድ አያስፈልግም።

«ለመሆኑ ስንት ሰው ያጠፋዋል?» ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የብሪታኒያ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ክፍል ይህንኑ ለክቶ ነበር። ከጎብኚዎቹ 1.1 በመቶው ጃቫስክሪፕት አልሠራላቸውም። ያጠፉት ወይም ብሮውዘራቸው የማይችለው 0.2 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት 0.9 በመቶ ምንም አላጠፉም፤ ኮዱ ነው ያልሠራላቸው። ይሄ እንግሊዝ አገር ነው። የእኛን ኔትወርክ እናንተው ታውቁታላችሁ። ኦፔራ ሚኒም ዳታ በጣም እንዲቆጥብ ስታደርጉት ገጹን በራሱ ሰርቨር ጨምቆ ስለሚልክ ብዙ ስክሪፕት መንገድ ላይ ይቀራል።

ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ትንሽ በመቶ ሲባል እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ጋ የሚቀሩት ሜጋባይት የሚቆጥሩት ናቸው። ሥራ ፈላጊውም እዚያው ውስጥ ነው።

ቂርቆስ፣ ሰፈሬ ያለው ባለሱቅ መብራት ሲጠፋ «ሲመጣ ተመለስ» አይለኝም። ሻማ ያበራል። ቀዝቃዛ ለስላሳ የለም፤ ዳቦና ስኳር ግን አለ። ቴሌብርም አፕ ለሌለው *127# አለው።

ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ ዋናው ጽሑፍ ያለ ስክሪፕት ይታይ። ፎርሙ በተራ ቁልፍ ይላክ። ኖስክሪፕት ውስጥ «ያብሩ» ብቻ አትጻፉ፤ ምን እንደቀረብን ንገሩንና ስልክ ቁጥር ጨምሩ።

ሻማ ውድ አይደለም። እኔን ግን ባዶ ገጹ አንድ የሥራ ዕድል አስከፍሎኛል።